ግራ ጆሮዬና እየዳበሰች የምታውቀኝ አክስቴ

በግራ በኩሌ ተቀምጣችሁ ያወራችሁኝ ሁሉ፣ «ሐዋ ዓረብ አገር ደርሳ መጥታ ኮራች» አትበሉኝ። አልሰማኋችሁም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። የወሰደብኝም ሌላ ጉድ ሳይሆን ጆሮ ደግፍ ነው፤ ያ ሁላችንም የልጅ በሽታ እያልን፣ ጉንጩ ያበጠውን ልጅ እየሳቅንበት የምናሳልፈው ጆሮ ደግፍ። ይህን የምጽፈው አንድም ሌላው ሰው እንደኔ ንቆት እንዳይቀመጥ ነው፤ አንድም ያ ጆሮ ስለሚናፍቀኝ ነው። ጆሮ ይናፍቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይናፍቃል፤ እንዴት እንደሚናፍቅ ልንገራችሁ።

ከጆሮዬ በፊት ግን አክስቴን ማወቅ አለባችሁ። እቴቴ ዘሃራ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከውጫሌ በላይ ባለ የአምባሰል መንደር ከልጇ ከሰይድ ጋር ትኖራለች። ሕፃን ሳለች ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ዓለሙን የምታየው በጆሮዋና በጣቶቿ ነው። እኔን ትምህርት ቤት እስክገባ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እናቴ ሐይቅ ከተማ ኑሮ ለማቅናት ላይ ታች ስትል እኔ እቴቴ ጉልበት ሥር ነበርኩ።

ሰው ወደ ግቢዋ ሲገባ በእርምጃው ታውቀዋለች። ካጠራጠራት ጠርታ ታስቀምጠውና ፊቱን ትዳብሳለች፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩን፣ አገጩን። «ኧረ አንተ የመሐመድ ልጅ ነህ! ይቺን አገጭ አባትህ ኸማን ሰርቆ እንደሰጠህ እኔ ነኝ የማውቅ!» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ካወቀችው በኋላ እጇን ራሱ ላይ ትጭንና እትፍ እትፍ እያለች ትመርቀዋለች። በኛ አገር የትልቅ ሰው ምርቃት ምራቅ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ፊቴ ላይ ጠብ ጠብ ስትል ደስ ስለሚለኝ አልጠርጋትም ነበር፤ በራሷ እስክትደርቅ እጠብቃታለሁ።

ማታ ማታ ከማዶው ሸንተረር ላይ ከብቱን አስገብቶ የሚመለስ ጎረምሳ የአምባሰልን ዜማ ሲያንጎራጉር እቴቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። «የእንድሪስ ልጅ ነው» ትላለች። ቀጥላም «ፍቅር ይዞታል» ወይም «አይ፣ ዛሬስ የራበው ነው የሚመስል» ትላለች። በማግስቱ ሲጠየቅ አንዱ እውነት ሆኖ ይገኛል። እኔ የዚያን ዜማ መውጣትና መውረድ የተማርኩት ከሷ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጆሮ እንዳለኝ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ካደግሁ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሬ ልጆች ዓረብ አገር ሄድኩ። የሰው ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ሻርፔ ውስጥ በግራ በኩል ሽጉጥ አደርግና፣ እጄ ዕቃ ሲያጥብና ልብስ ሲተኩስ፣ የአገሬ ድምፅ በግራ ጆሮዬ ይገባል። የእናቴ ሳል፣ የወንድሜ የጀማል ቀልድ፣ የሐይቅ መስጊድ አዛን፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ «ሐዋዬ፣ መቼ ነው የምትመጪ?» ማለት፣ ሁሉም በዚያ በአንድ ጆሮ ነው የገባው። ከሁሉ በላይ እቴቴ። ሰይድ ስልኩን ይይዝላታል፤ የዝናቡን፣ የእህሉን፣ የማን ላም እንደወለደች ትነግረኝና ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች።

«ድምፅሽን አላህ አይንሳኝ።»

እኔም «አሚን» እላለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል። ዓይን ለሌለው ሰው ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። መልካም ምኞት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በለውጡ ሰሞን ተመለስኩ። ያንን ሰሞን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ ነገ የሚባል ነገር በእጁ የገባ ይመስለው ነበር። እኔና ጀማል ሐይቁ ዳር አንዲት ዓሣ ቤት ከፈትን። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እሱ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ይቀበላል፣ እኔ እጠብሳለሁ። ከደሴ የሚመጡ ወጣቶች ሳሩ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይከራከራሉ። አርብ አርብ እቴቴን እናስመጣትና ከውሃው ዳር እናስቀምጣታለን። የወፎቹን ድምፅ እያዳመጠች «ይኼ ሁሉ ጫጫታ ምን ተገኝቶ ነው?» ትለናለች። ከሕይወቴ አንድ ዓመት መልሰሽ ውሰጂ ብባል ያንን ዓመት ነው የምወስደው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሱን የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ በጆሮዬ በኩል ያለውን ብቻ ልበል። ኔትወርክ ተቋረጠ። እኛ ሸሽተን ስንሰነብት እቴቴ «እኔ ዓይን የለኝ፣ የት እሮጣለሁ?» ብላ ከመንደሯ አልነቃነቅም አለች። ስልኩን በቀን ስንት ጊዜ ግራ ጆሮዬ ላይ እንደማደርገው እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ይላል፤ ጭር ይላል። ስንመለስ ዓሣ ቤታችን ግድግዳው ብቻ ቆሞ ነበር፤ እቴቴ ግን በሕይወት ነበረች። ኔትወርክ የተለቀቀ ቀን ድምፅዋን ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሕመሙ የጀመረኝ ዓሣ ቤቷን እንደገና ከፍተን ገና ደንበኛ መለስ መለስ ማለት ሲጀምር ነው። አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ተፈናቃዮች አርፈው ነበር፤ ልጆቻቸው እየመጡ ዓሣ ይበላሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር እጎራረሳለሁ። አንድ ቀን የጠበስኩት ዓሣ ላይ ሎሚ ጨምቄ ስቀምስ ከግራ ጆሮዬ ሥር ውግት አደረገኝ። ጎምዛዛ ነገር በቀመስኩ ቁጥር ይወጋኛል። በማግስቱ መንጋጋዬ አበጠ፣ ትኩሳት መጣ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ «ጥርስሽ ነው» ተባልኩና አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ጥርሴን እየነካካሁ ሳጣራ ዋልኩ፤ አንድም የሚያም ጥርስ የለኝም። ትኩሳቱ ሲብስ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደሜ ታየና «ታይፎይድ ነው» ተባለ። በኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ሳይባል አያልፍም። እናቴ በበኩሏ «ነፋስ ነው የመታሽ፣ ኸሐይቁ ዳር ላብሽ ሳይደርቅ እየተነሣሽ» አለች። እትዬ አስካለ ደግሞ ከግሸን የመጣ ጠበል በትንሽ ጀሪካን ይዛ መጣች። «ማርያምን እንቺ ጠጪ፣ እሷ ሃይማኖት አትጠይቅም» አለችኝ፤ ጠጣሁ። ጎረቤት ማለት ይኸው ነው፤ አላህ ይስጣት።

ሲጠናብኝ እናቴ እቴቴን አስጠራቻት። ሰይድ በሚኒባስ አመጣት። ገና ከደጅ «የታለች?» እያለች ገባችና ፊቴን ዳበሰችው። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ያበጠውን መንጋጋዬን።

«ኧረ ምን በላኝ! ይቺን ጉንጭ ማን ነፋብኝ?» አለች። ቀጥላም እናቴን «ልክ ነሽ፣ ነፋስ ነው። ውሃ አምጭ» አለቻት።

የዱዓ ውሃ ቀረበ። የኛ ቤት ልማድ እንዲህ ነው፦ ትልቅ ሰው ውሃው ላይ ቁርኣን ይቀራበታል፣ እትፍ ይባልበታል፣ በሽተኛው ይጠጣል፤ የተረፈው ግን አይደፋም። በረካው መሬት እንዳይወድቅ ዱዓ ያደረገው ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። እኔ ጽዋውን በሚንቀጠቀጥ አፌ ይዤ ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን መልሼበትም ይሆናል። እቴቴ ተቀብላ እስከ ጥግ ጨለጠችው። አንድ ፍራሽ ላይ አብራኝ አደረች፤ እህል አልበላም ስል «እንግዲያው እኔም አልበላም» እያለች በግድ አጎረሰችኝ፤ እኔም አጎረስኳት። ትኩሳቱ መሐል እንደ ልጅነቴ ጎኗ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

እሷ ወደ አገሯ በተመለሰች ማግስት ቀኝ ጉንጬም አበጠ። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድን። ጦርነቱ አራቁቶት መሣሪያ የሚባል አልነበረውም፤ አንድ የጤና መኮንን ግን በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያክማል። ገና ሲያየኝ ሳቀ።

«በዚህ ዕድሜሽ ጆሮ ደግፍ! የተፈናቃዮቹን ልጆች ሁሉ ይዟቸዋል እኮ። መድኃኒት የለውም፤ ፈሳሽ ጠጪ፣ ዕረፍት አድርጊ፣ ከሰው ራቅ በይ። ማስታወክ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቶሎ ነይ» አለኝ።

ቤት ሄደን እኛም ሳቅን። ጀማል «አሁን ደግሞ ኩፍኝ ይቀርሻል» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ እብጠቱ እየጎደለ መጣ። ዳንኩ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ቤቱ ዞረብኝ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ስልኬ ጠራ፤ ጀማል ነው። እንደ ልማዴ ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ዝም አለ።

«እማዬ፣ ኔትወርክ ደግሞ ጠፋ» አልኳት። ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ ምን እየመጣ ይሆን ብዬ ለመሸሽ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ጦርነት ያየ ሰው ዝምታን እንዲያ ነው የሚተረጉመው። ስልኩን ዘጋሁት። መልሶ ጠራ፤ አሁንም ዝም። ቀኑን ሙሉ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» እያልኩ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ ስልኩን ለእናቴ ሳቀብላት ስታወራ አየኋት። ወስጄ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ጀማል «ምን ሆነሽ ነው ስልክ የምትዘጊብኝ?» እያለ ይጮሃል። እንደገና ወደ ግራ አዞርኩት። ዝም።

ያንን ቀን በከንቱ አሳለፍኩት። ጆሯችሁ ድንገት አልሰማ ካላችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። ኔትወርክ ነው፣ የጆሮ ቆሻሻ ነው፣ ነገ ይለቀኛል አትበሉ። ለጆሮ ነገ ሩቅ ነው።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ደሴ ወረድን። የሆስፒታሉ መጠበቂያ ከሰው ብዛት ግድግዳው አይታይም ነበር። ክራንች የያዙ ወጣቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ከየገጠሩ የመጡ ሽማግሌዎች። እናቴ ካርድ ልታወጣ ሄዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በግራ ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ ደንገል መሐል ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት ሹሹታ ብቻ አለ። ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም። አጠገቤ የነበሩ አንገታቸው ላይ መስቀል ያሰሩ አንድ የአምባሰል ገበሬ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሐዋ አንቺ ነሽ? ሦስቴ ተጠራሽ እኮ» አሉ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ተነሥተው በቀኝ በኩሌ ተቀመጡ፤ ስሜ እንደገና ሲጠራ እሳቸው ሰምተው እስኪነግሩኝ እዚያው ቆዩልኝ። ስማቸውን አላውቅም፤ ደግነታቸው ግን አይረሳኝም።

የጆሮ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀድዷል። ሹካ የሚመስል ብረት መትቶ ግንባሬ ላይ አስቀመጠና የት በኩል እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። ጆሮዬን በመብራት አየ። በጆሮ ማዳመጫ አስመረመረኝና ተመልሼ ስገባ ፊቱ ላይ አነበብኩት።

«የውስጥ ጆሮሽን ነክቶታል» አለኝ። «እብጠት የሚቀንስ ኪኒን እሰጥሻለሁ። ተስፋው ግን ጠባብ ነው፤ አልዋሽሽም።»

«ጉንጭ የሚያሳብጥ በሽታ ጆሮዬ ውስጥ ምን አስገባው?» አልኩት፤ በቁጣ ነበር የተናገርኩት።

አልተቆጣም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ቫይረስ ዓይን የለውም» አለ። «አያይም፣ አይሰማም፣ እግርም የለው። በምራቅ ላይ ተንሳፍፎ ይመጣና ሰውነትሽ ላይ ያርፋል። ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከምንላቸው በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ላዩ ላይ እንደ ሣር የበቀሉ ቀጫጭን ሰንሰለቶች አሉት። የተሠሩት ከስኳር ነው።»

«ኸስኳር?» አለች እናቴ።

«ሻይ ውስጥ ከምንጨምረው ሳይሆን ከሱ ዘመዶች። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባል አንድ የስኳር ዓይነት ይቀመጣል። ቫይረሱ ደግሞ እንደ እጅ ያለ ነገር አለው።» ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተ፤ ወረቀቱን ነካ፣ አለፈው፤ ማኅተሙን ነካ፣ አለፈው፤ ብዕሩ ላይ ሲደርስ ጨበጠው። «እንዲህ ይዳብሳል። የነካው ጫፍ የሚያውቀው ካልሆነ ያልፋል። የሚያውቀው ከሆነ ይጨብጣል። ከጨበጠ ቤት ገባ ማለት ነው፤ እዚያ ይራባል። የጆሮ ደግፍ ቫይረስ የሚያውቀው ጫፍ ምራቅ በሚያመነጩት ዕጢዎች ላይ አለ፣ ጉንጭሽ ያበጠው ለዚያ ነው። የአንጎል ሽፋን ላይም አለ። የውስጥ ጆሮ ላይም አለ።»

እናቴ «ኸሐይቁ ዳክዬ ይሆን እንዴ ያመጣችው? ኸዚያ ኸውሃ አትጠፋም» አለች።

«ጆሮ ደግፍ ከወፍ አይመጣም፣ እማማ፤ ከሰው ነው። የወፎቹ ጉንፋን ራሱ የሚፈልገው ስኳር ሰንሰለቱ ላይ የተያያዘበት መንገድ እኛ ጉሮሮ ላይ ካለው ስለሚለይ ነው እኛን እንደልቡ የማይዘን። በትንሿ አያያዝ ይለያሉ።»

«ታዲያ የኔ ሰውነት ይህን ስኳር ለምን አበቀለው? ሌባ የሚይዘው ከሆነ ለምን አይነቅለውም?» አልኩት።

«ለሌባው ብሎ አላበቀለውማ» አለኝ ዓይኑን ገልጦ። «ሕዋሶችሽ የሚተዋወቁት በሱ ነው። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው እነዚህን ጫፎች እየነካ ነው። ሌባው የዘመድን ሰላምታ ተማረ በይው።»

ሐኪሙ ያወራል፤ እኔ ግን አምባሰል ሄጃለሁ። ዓይን የሌላቸው ጣቶች ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ መንጋጋዬን ሲዳብሱ ይታየኛል። ያ ጽዋ ይታየኛል። እስከ ጥግ የተጨለጠው።

«አንድ ጽዋ ውሃ የተጋራ ሰውስ?» አልኩት።

«በደንብ ይተላለፋል።»

«ጆሮዋን ይወስደዋል?»

«የማንን?»

እናቴ ነገሩ ያን ጊዜ ገባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ለሐኪሙ ነገርኩት። የኔ አንድ ጆሮ ቢጠፋ ሌላ አለኝ፣ ዓይን አለኝ። እቴቴ ያላት ጆሮ ብቻ ነው። ለሷ ጆሮዋ ዓይኗም፣ በሯም፣ ዘመዷም ነው።

ሐኪሙ «ጆሮ የሚነካው ከብዙ ሰው አንዱን ነው፤ ብዙዎቹን አይነካም» አለ። «ደግሞ በልጅነታቸው ይዟቸው ከሆነ አትስጊ። አንድ ጊዜ የታመመ ሰውነት ያንን ቫይረስ አይረሳውም። ደሙ ውስጥ ያሉ ዘበኞች ቀድመው ይመጡና ያንን ዳባሽ እጁን ይሸፍኑበታል። እጁ ከተሸፈነ የስኳሩን ጫፍ ቢነካም መጨበጥ አይችልም። ይዟቸው ያውቃል?»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «እኔ ሳልወለድ ያለውን ኸየት አውቄ!» አለች። በልጅነቷ ይዟት የማያውቅ ከሆነና አሁን ከያዛት፣ ምልክቱ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ይታያል ተባልን። ኪኒኔን ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ስለራሴ ጆሮ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ለምን ደውለሽ አትጠይቂያትም ትሉኛላችሁ። እናቴ ከለከለችኝ። «ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም» አለች፤ ይህን ልማድ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጆሮሽ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ለእቴቴ በስልክ አይነገርም፤ የኔ ጆሮ ጠፋም አይባልም። ስለዚህ በየቀኑ እደውላለሁ፤ በቀኝ ጆሮዬ፣ በማላውቀው ጆሮ። ድምፅዋ ራሱ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«እቴቴ፣ ጆሮሽ ደኅና ነው?»

«አንቺ ልጅ! ዕድሜ ልኬን ሰው ዓይኔን ነው የሚጠይቀኝ፤ ዛሬ ጆሮዬን ምን አመጣው?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «በቆሎው እሸት ደረሰ?» እላታለሁ፤ ትመልስልኛለች። ይበልጥ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ትመልስልኛለች። «ምን ያንሾካሹክሻል፣ ባል አገኘሽ እንዴ?» ትላለች። ሰይድን ለብቻው አስጠርቼ በግራዋም በቀኟም ሆኖ እንዲያፏጭ አደረግሁት፤ አበድሽ ወይ አለኝ። የኔ ኪኒን አለቀ፤ ጆሮዬ አልተመለሰም። ደሴ ተመላልሼ ቁርጡን ተነገረኝ። በዚያ ቀን አለቀስኩ፤ ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ለእቴቴ ደወልኩ።

አንድ ቀን ስልኩን ያነሣው ሰይድ ነው። «ዛሬ እንኳን ራሷን አሟታል፤ ተኝታለች» አለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋው ተነሣሁ። ውጫሌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ጥቂት በባጃጅ ሄድኩ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ሚዛኔ ገና አልተስተካከለም፤ ጠባቧ መንገድ ላይ ወደ ግራ ያዘነብለኛል። በልጅነቴ በሩጫ የወጣሁትን ዳገት ድንጋይ ለድንጋይ እየያዝኩ ስወጣው፣ ከማዶ አንድ ልጅ ያንጎራጉር ነበር። ድሮ በዚህ መንገድ ስሄድ ዜማው ከየት እንደሚመጣ በጆሮዬ አውቀው ነበር፤ አሁን በአንድ ጆሮ ከየት እንደሚመጣ አይታወቀኝም። ተራራው ሁሉ የሚዘፍን መሰለኝ። ቆሜ ሰማሁትና ቀጠልኩ።

የግቢው አጥር ጋ ስደርስ ፈራሁ። ገብቼ ብጠራትና ባትሰማኝስ? ማወቅም ፈለግሁ፤ እንዳላውቅም ፈለግሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። በባዶ እግሬ፣ አፈር አፈሩን እየረገጥኩ፣ ትንፋሼን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አልተነቃነቀችም። ሁለት እርምጃ ገባሁ። ምንም የለም።

«ሐዋዬ» አለች ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣ «ጫማሽን ምን አስወለቀሽ? ልትሰርቂኝ መጣሽ?»

እግሯ ሥር ተደፋሁ። ለቅሶውና ሳቁ አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። እሷ ግራ ገብቷት «ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ? ሰይድ ቡናዬን ስለጨረሰብኝ ራሴን አመመኝ እንጂ እኔ ምን ሆኛለሁ!» ትላለች። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት፤ ጆሮ ደግፍ ይዞሽ ያውቃል ወይ ብዬ።

«ኧረ በልጅነቴ! ኸፈንጣጣው በኋላ። ሁለት ጉንጬ ዱባ አክሎ፣ አባቴ ከሰል ቀብቶኝ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲስቅብኝ። ባላያቸውም እሰማቸው ነበር። ታዲያ ይኼን ለመጠየቅ ነው ኸሐይቅ ድረስ የመጣሽ? ስልክ የለሽም?»

ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም መባሌን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለስንት ዓመት በደሟ ውስጥ የነበሩት ዘበኞች ያንን ጽዋ አብረዋት ጠጥተው ኖሯል፤ እኔ ግን ሳምንታት ሙሉ ስሞት ሰነበትኩ።

በሩ ላይ ተቀመጥን። እሷ በግራዬ ሆነች። ፀሐይ ወደ ግሸን በኩል ባሉት አምባዎች ላይ ወርዳለች፤ እኔ እሱን እያየሁ ያ ጎረምሳ አሁንም ይዘፍን እንደሆነ ለመስማት እሞክራለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ድንገት ጣቶቿ ፊቴ ላይ አረፉ።

ግንባሬን ዳበሰች። ቅንድቤን፣ ጉንጬን። ግራ ጆሮዬ ላይ ደርሳ ቆመች። ስታወራኝ ኖሯል፤ እኔም አልመለስኩላትም ኖሯል። ጣቶቿን ከጆሮዬ አጠገብ ቀጭ አደረገች። ቀጭ ማድረጓን ያወቅሁት ዞር ብዬ ጣቶቿን ስላየሁ ነው።

ፊቷ ተለወጠ። ትከሻዬን ይዛ ተነሣች፤ ትከሻዬን ሳትለቅ በጀርባዬ በኩል ዞራ መጣችና በቀኜ ተቀመጠች።

«እዚህስ?» አለች።

«እሰማለሁ፣ እቴቴ።»

«በይ አብሽሪ። አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው እንገባለን።»

እጇን ራሴ ላይ ጫነችና እትፍ እትፍ አለች። ጠብ ጠብ ያለችውን እንደ ልጅነቴ አልጠረግኋትም። ከዚያ አፏን ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠግታ፣ በግራው በኩል ተናግራው የነበረውንና እኔ ያልሰማሁትን ነገር ደገመችልኝ።

«ድምፅሽን አላህ አይንሳኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት «አሚን» ብዬ ስልክ የዘጋሁበት ቃል ነው። አሁን አሚን ማለት ብቻ አልበቃኝም። እጇን ያዝኩና «ያንቺንም ድምፅ አላህ አይንሳኝ» አልኳት።

እቴቴ «አሚን» አለች፤ ሰማኋት።